ከጠየቃችሁ በኋላ ማን ይመጣል?

የአእምሮ ጤና መጠይቁ ሁለት ገጽ ነበር። ከዩኒቨርሲቲ የመጡት ወጣት ተመራማሪ ወረቀቱን አደሉ። ስም እንደማይጻፍ አስረዱ። ልጆቹ ጸጥ ብለው ሞሉ። እኔ የክፍሉ ኃላፊ ስለሆንኩ ከኋላ ቆሜ ነበር። ወረቀቱ ተሰብስቦ ተቆጠረና ፖስታ ውስጥ ገባ። ተመራማሪው አመስግነው ወደሚቀጥለው ክፍል ሄዱ።

ደወል ተደውሎ ልጆቹ ሲወጡ አንዷ ወደኋላ ቀረች። ቦርሳዋን የምታስተካክል መስላ ቆየች። ክፍሉ ባዶ ሲሆን፣ «ቲቸር፣ ዘጠነኛው ላይ ምልክት ያደረገ ልጅ ምን ይደረጋል?» አለችኝ።

ዘጠነኛውን ጥያቄ በዚህ ሥራ አካባቢ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ፒኤችኪው 9 የሚባለው የድባቴ መለያ ቅጽ መጨረሻው ነው። ከእሱ በፊት ያሉት ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ምግብ ፍላጎት፣ ስለ ድካም፣ ትኩረት ስለማጣት ይጠይቃሉ። ዘጠነኛው ግን ባለፉት ሁለት ሳምንታት «ብሞት ይሻለኛል» ወይም «ራሴን ልጉዳ» የሚል ሐሳብ መጥቶብህ ነበር ወይ ይላል።

«ማን ነው ምልክት ያደረገው?» ብዬ አልጠየቅኳትም። አያስፈልግም ነበር። ቁጭ አልን። ያወራነውን እዚህ አልጽፈውም፤ የእሷ ነው። በዚያው ቀን ካውንስለሯ፣ ማለት የተማሪዎች አማካሪዋ፣ አነጋገረቻት፣ ቤተሰብ ተጠራ፣ ከዚያም ሐኪም አያት። አሁን ደህና ናት። ይህን አስቀድሜ የምናገረው እስከ መጨረሻው ልባችሁ እንዳይሰቀል ነው።

የከነከነኝ ሌላው ነገር ነው። ያ ፖስታ። ልጅቷ ወደኋላ ባትቀር ኖሮ እኔ የማውቀው ነገር አልነበረም። ተመራማሪውም የሚያውቁት ነገር አልነበረም። ወረቀቷ ግን በእጃችን አልፏል።

የዕረፍት ሰዓት ላይ አገኘኋቸውና ጥያቄዋን እንዳለ አቀረብኩላቸው። ደንገጥ አሉ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ እንዲያውም ልጆቹን በአክብሮት ከሚያናግሩ ጥቂት እንግዶች አንዱ ናቸው። ትንሽ አሰቡና፣ «ስም የለውም እኮ። ስንት ልጆች እንደሆኑ እናውቃለን። እነማን እንደሆኑ ግን አናውቅም» አሉኝ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እያልን ነው ልጆችን የምንመክረው። ይህቺ ልጅ ግን አልደበቀችም። ጽፋ ሰጥታለች። እኛ ነን ተቀብለን ያሸግነው።

ስም ይጻፍ ወይስ አይጻፍ

መጀመሪያ ላይ ነገሩ ቀላል መስሎኝ ነበር። ስም ይጻፍ፣ አለቀ። ቆይቼ ሳስበው ግን ተመራማሪው ያለምክንያት እንዳልተከራከሩ ገባኝ። ልጅ ስሙን ጽፎ የሚሞላው ቅጽና ስሙን ሳይጽፍ የሚሞላው ቅጽ አንድ አይደሉም። ወረቀቱን ነገ የክፍሉ ኃላፊ ወይም ወላጅ ያየዋል ብሎ ከጠረጠረ ሁሉም ቦታ ላይ «በፍጹም» ብሎ ይመልሳል። ያኔ ቁጥሩ ሁሉ ያማረ ይሆናል። በጀት የሚመድበው አካልም «ችግር የለም ማለት ነው» ብሎ ይደመድማል። ካውንስለር አይቀጠርም። ስለዚህ ሐቀኛ ቁጥር ለማግኘት ስም አለመጻፍ ትርጉም አለው።

በሌላ በኩል ጥያቄውን ጭራሽ እንተወው የሚሉም አሉ። መምህራን ክፍል ውስጥ አንድ ባልደረባዬ፣ «ያላሰቡትን ሐሳብ ለምን እናስገባባቸዋለን?» አለ። ይህ ፍርሃት በጣም የተለመደ ነው። ግን ተመርምሯል። በኒውዮርክ ግዛት ስድስት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከ2 ሺህ በላይ ተማሪዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት ስለ ራስን ማጥፋት መጠየቅ በራሱ ሐሳቡን እንደማይፈጥርና ጭንቀት እንደማይጨምር አሳይቷል። እንዲያውም ቀድሞውኑ የተጨነቁት ልጆች ከመጠየቃቸው በኋላ ትንሽ ቀለል ያላቸው ይመስል ነበር። መጠየቁ አይጎዳም ማለት ነው። ጠይቆ መሄዱ ነው ሌላ ጉዳይ።

ታዲያ መሃል መንገድ የለም ወይ? አለ። ብዙ ቦታ የሚሠራበት ነው። በስም ፋንታ መለያ ቁጥር ይጻፋል። የቁጥሩና የስሙ ማያያዣ ዝርዝር አንድ ሰው ጋ ብቻ ተቆልፎ ይቀመጣል። ዘጠነኛው ጥያቄ ልጆቹ ከግቢ ሳይወጡ በዚያው ቀን ይታያል። ለልጆቹም ከመሙላታቸው በፊት በግልጽ ይነገራቸዋል፦ «ሌላው መልሳችሁ ምስጢር ነው። ይህ አንድ ጥያቄ ግን ምስጢር አይደለም። ምልክት ካደረጋችሁ ዛሬውኑ አንድ ሰው ያነጋግራችኋል።»

ተመራማሪው ይህን ስነግራቸው፣ «አንዳንዶቹ ይህን ከሰሙ ምልክት አያደርጉም። ቁጥራችን ከእውነቱ ያንሳል» አሉ። ልክ ናቸው፤ ያንሳል። እኔ ግን ይነስ ባይ ነኝ። አንድ ሰው እንደሚመጣለት እያወቀ ምልክት ያደረገ ልጅ እርዳታ እየጠየቀ ነው። ለእሱ መልስ መስጠት ከትክክለኛ መቶኛ ይቀድማል። በዚህ ላይ እስከ ዛሬ ከተመራማሪው ጋር አልተስማማንም። ሁለታችንም ምክንያት አለን።

ታዲያ በሩን እንዝጋው?

ከዚያ በኋላ በተደረገው ስብሰባ ብዙዎቹ ባልደረቦቼ የያዙት አቋም ይህ ነበር። ዩኒቨርሲቲዎቹ ይመጣሉ፣ ዳታ ይወስዳሉ፣ ዲግሪ ይይዛሉ፣ እኛ ጋ የሚቀር ነገር የለም። አነጋገራቸው ጠንከር ያለ ነበር፤ ግን ከእውነት የራቀ አይደለም። ጥናቱ ታትሞ ሲወጣ የተጠየቁት ልጆች ተመርቀው ወጥተዋል። አንዳንዱ ጭራሽ ተመልሶ አይመጣም።

እኔ ግን በሩ ይዘጋ የሚለውን ልቀበለው አልቻልኩም። ምክንያቱ አንድ ነው። በልጆች የባህሪና የአእምሮ ጤና ላይ ደግ ልብ ብቻውን የት እንደሚያደርስ አይታወቅም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ10 እስከ 19 ዓመት ካሉ ልጆች ከሰባቱ አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር አለበት። ይህን የሰማ ትምህርት ቤት ሁሉ አንድ ነገር ማድረግ ይፈልጋል። ያ «አንድ ነገር» ይሠራል ወይ የሚለውን ግን ሳይለኩ ማወቅ አይቻልም።

ማይሪያድ የተባለውን የብሪታንያ ጥናት እንውሰድ። በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መሪነት 85 ትምህርት ቤቶችና ከ8 ሺህ በላይ ተማሪዎች ተሳተፉበት። መምህራኑ በደንብ ሠለጠኑ። ማይንድፉልነስ የሚባለውን ቀልብ የመሰብሰብ ልምምድ ክፍል ውስጥ አስተማሩ። ሐሳቡን ሁሉም ይወደው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 ውጤቱ ሲወጣ ልምምዱ ትምህርት ቤቶቹ ቀድሞም ከሚሰጡት ትምህርት የተሻለ ለውጥ አላመጣም። አብዛኞቹ ልጆች ቤታቸው ገብተው አልተለማመዱትም። ቀድሞውኑ ለችግር የተጋለጡት ላይ እንዲያውም ትንሽ ሊያባብስ ይችላል የሚል ምልክት ታየ።

ይህ ጥናት ባይኖር ኖሮ ያ ትምህርት ዛሬ የትም ይሰጥ ነበር። ማንም «አልሠራም» የሚል ሰው አይኖርም። ተመራማሪዎቹ የወደዱትን ነገር አልሠራም ብለው በይፋ መጻፋቸውን ሳነብ ለዩኒቨርሲቲ ሰዎች ያለኝ አክብሮት ጨመረ። እኛ መምህራን በራሳችን ሥራ ላይ እንዲህ ለማለት ስንቶቻችን ደፍረን እናውቃለን?

መምህሩ የሚችለውና የማይችለው

ከዚያ ያነበብኩት አንድ ጥናት መጀመሪያ አናደደኝ።

በህንድ ቢሃር ግዛት፣ ናላንዳ በምትባል አካባቢ፣ በ74 ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተሠራ ነው። ስሙ ሴኸር ይባላል። ሳንጋት የተባለ የአገሬው ድርጅት ከለንደን ስኩል ኦፍ ሃይጂን ኤንድ ትሮፒካል ሜዲሲን ተመራማሪዎች ጋር ነው የሠራው። ትምህርት ቤቶቹ በዕጣ ተከፈሉ። በአንዳንዶቹ የባህሪ ጤና ሥራውን እንዲመራ አንድ መምህር ተመደበ። በሌሎቹ ለዚሁ ብቻ የተቀጠረ ሰው ገባ። ይህ ሰው ሐኪም አይደለም፤ የሥነ ልቦና ባለሙያም አይደለም። ሠልጥኗል፣ ክትትል ይደረግለታል፣ በቃ። የሠሩት ሥራ አንድ ዓይነት ነው። የጠዋት ሰልፍ ላይ መልእክት ያስተላልፋሉ። የግድግዳ መጽሔት ያዘጋጃሉ። ልጆች ቅሬታና ጥያቄ የሚጥሉበት ሳጥን ያስቀምጣሉ። ለብቻው መነጋገር የፈለገ ልጅ ሲመጣ ይቀበላሉ።

ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ወጣ። የተቀጠረው ሰው ባለባቸው ትምህርት ቤቶች ልጆቹ ስለ ትምህርት ቤታቸው ያላቸው ስሜት በጣም ተሻሻለ። የድባቴ ምልክት፣ ጉልበተኝነትና ጠብ ቀነሱ። መምህሩ በያዘው በኩል ግን ምንም ለውጥ አልታየም።

ምንም! ሃያና ሠላሳ ዓመት ከልጆች ጋር ከኖረ መምህር ይልቅ ትናንት የተቀጠረ ሰው? ይህን መምህራን ክፍል ውስጥ ስናገር የተነሳውን ጫጫታ መገመት አያቅታችሁም። አንዷ ባልደረባችን ግን ዝም ብላ ስትሰማ ቆየችና፣ «እኔ ልጅ ብሆን ችግሬን ማርክ ለሚሰጠኝ ሰው አልነግርም» አለች። ክፍሉ ጸጥ አለ።

እሷ ያለችው ብቻ አይደለም። መምህሩ ክፍለ ጊዜው የተጣበበ ነው። ልጁ ሳጥኑ ውስጥ ወረቀት ጥሎ መልስ ሲጠብቅ መምህሩ ፈተና እያረመ ነው። የተቀጠረው ሰው ግን ሌላ ሥራ የለውም። ልጁ ሲመጣ አለ። ጥናቱን ደጋግሜ ሳየው መምህር አይችልም የሚል ሆኖ አላገኘሁትም። በመምህር ላይ ሌላ ሥራ ስንደርብ ሁለተኛው ሥራ ወደ ወረቀት ብቻ ይቀየራል የሚል ነው ለእኔ።

ለምን እንዲህ ልል እንደቻልኩ ላስረዳ። መምህሩ ራሱ የሠራውና ውጤቱ የሚያስደንቅ ሌላ ሥራ አለ። «የመልካም ባህሪ ጨዋታ» ይባላል። መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1969 ነው የታተመው። መምህሩ ክፍሉን በቡድን ይከፍላል። የክፍሉ ደንብ ሲጣስ ለቡድኑ ሰሌዳ ላይ ጭረት ይጻፋል። ጭረቱ ጥቂት የሆነ ቡድን ያሸንፋል፤ ሁሉም ቡድኖች አብረው ማሸነፍም ይችላሉ። በአሜሪካ የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከባልቲሞር ከተማ ትምህርት ቤቶች ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ1985 በ19 ትምህርት ቤቶች አንደኛ ክፍል ላይ ሞከሩት። ከዚያ ልጆቹን ጎልማሳ እስኪሆኑ ተከታተሏቸው። ጨዋታውን የተጫወቱት፣ በተለይ አንደኛ ክፍል ሳሉ በጣም ተደባዳቢ የነበሩት ወንዶች፣ ወደ 20 ዓመት ሲጠጉ በአደንዛዥ ዕፅ ችግር ውስጥ የመግባታቸው ነገር ከሌሎቹ ያነሰ ሆኖ ተገኘ።

«ሳይቃጠል በቅጠል» ማለት ይህ ነው። ልብ በሉ ግን፣ ጨዋታው መምህሩን ከመምህርነት አያወጣውም። ሒሳብ እያስተማረ፣ ንባብ እያስነበበ የሚያደርገው ነው። ክፍል መያዝ የእሱ ሙያ ነው። የብቻ ምስጢር መስማት ሌላ ሙያ ነው። ይህን ሁለቱን ሳንለይ ነው ለዓመታት «መምህሩ ይሠልጥንና ይሥራው» ስንባል የኖርነው። ሥልጠናው ሁለት ቀን፣ ምሳና ሰርተፍኬት አለው። ሰርተፍኬቱ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል።

ፕሮጀክቱ ሲያልቅ

ወደ ፖስታው ልመለስ። ከስብሰባው በኋላ ርእሰ መምህራችን ዩኒቨርሲቲው ድረስ ሄደው ተነጋገሩ፤ እኔም አብሬ ነበርኩ። በሩን አልዘጋንም። ግን ጥያቄ ይዘን ሄድን። ለምሳሌ የአሜሪካው የየል ዩኒቨርሲቲ ሐኪም ጀምስ ኮመር ምን እንዳደረጉ አንብቤ ነበርና ያንን ጠቀስኩ።

ኮመርና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1968 በኒው ሄቨን ከተማ ሁለት ትምህርት ቤቶች ውስጥ ገብተው መሥራት ሲጀምሩ የመጀመሪያው ዓመት ትርምስ ነበር። ወላጆች በቁጣ ተነሡባቸው። ሌላ ተመራማሪ ቢሆን ዕቃውን ሰብስቦ ይወጣ ነበር። እነሱ ግን ቆዩ። ወላጅ፣ መምህር፣ ርእሰ መምህርና የአእምሮ ጤና ባለሙያ አብረው የሚወስኑበት ቡድን አቋቋሙ። ከደንቦቹ አንዱ ጣት አለመቀሳሰር ነበር። ችግሩ የማን ጥፋት ነው እየተባለ ስብሰባ አይባክንም፤ እንዴት ይፈታ ይባላል። ከዓመታት በኋላ ሥራው የተካሄደባቸው፣ በከተማዋ መጨረሻ ላይ ከነበሩት መካከል የነበሩት ትምህርት ቤቶች በውጤት ወደ ላይኞቹ ተጠጉ። የኮመር ሥራ ወደ ሌሎች ከተሞች የተስፋፋው ከዚያ በኋላ ነው።

እኔን የማረከኝ ውጤቱ አይደለም። መቆየታቸው ነው። ከተሳካላቸው ትብብሮች ጀርባ ሁሉ ይህን አያለሁ። የባልቲሞሩን ሥራ የመሩት ሼፐርድ ኬላምም ቀደም ብለው በቺካጎ ዉድላውን ሰፈር ውስጥ ሲሠሩ የሰፈሩ ሰዎች ምክር ቤት ሥራውን ይከታተል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1966 አንደኛ ክፍል የነበሩት የዚያ ሰፈር ልጆች ለአሥርተ ዓመታት በጥናቱ ውስጥ ቆይተዋል። ሰው ለአሥርተ ዓመታት በርህን ቢያንኳኳ የምትከፍትለት መጀመሪያ ያናገረህ በአክብሮት ከሆነ ብቻ ነው።

ዩኒቨርሲቲው ከጠበቅነው በላይ ሰማን። የተስማማነው ብዙ አይደለም። ዘጠነኛው ጥያቄ በዚያው ቀን ይታያል። የሥነ ልቦና ትምህርት ክፍሉ የማስተርስ ተማሪዎቹን ለልምምድ ወደ እኛ ይልካል፤ ከእነሱ በላይ ልምድ ያለው ተቆጣጣሪ ይኖራል። ልጁን ለማከም አቅማቸው ካልፈቀደ ወዴት እንደሚላክ አስቀድሞ ይወሰናል። የጥናቱ ውጤት ከመታተሙ በፊት መጀመሪያ ለመምህራንና ለወላጆች በሚገባቸው ቋንቋ ይነገራል።

የልምምድ ተማሪዎቹ ነገር ግን ያሰብነውን ያህል አልሰመረም። ጎበዞች ናቸው፤ ልጆቹም ይወዷቸዋል። ችግሩ እዚያ ላይ ነው። ልጁ አንዷን ለምዶ ማውራት ሲጀምር የእሷ የልምምድ ጊዜ ያልቃል። አዲስ ትመጣለች። ልጁ ታሪኩን ከመጀመሪያው ይጀምራል ወይም ጭራሽ ይተወዋል። ይህን ለዩኒቨርሲቲው ነግረናል። የልምምዱን ጊዜ አራዘሙልን፤ ርክክቡም ልጁ ባለበት እንዲሆን ተደረገ። የተሻለ ነው። ቋሚ ሰው ግን አይተካም። ቋሚ ሰው ደግሞ ደሞዝ ይፈልጋል፤ ደሞዝ ከጥናት ገንዘብ ሳይሆን ከመደበኛ በጀት ነው የሚመጣው። እዚህ ላይ ዩኒቨርሲቲውን መውቀስ አልችልም። ያ የትምህርት ቢሮ ሥራ ነው። ዩኒቨርሲቲው ሊረዳን የሚችለው ማስረጃውን ይዞ አብሮን ቢሮው ድረስ በመሄድ ነው። እስካሁን አልሄዱም። ጠይቀናቸዋል።

ሰሞኑን ደግሞ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ አዲስ የትብብር ረቂቅ ደርሶናል። ልጆቹ ስሜታቸውን በየቀኑ በስልክ መተግበሪያ እንዲሞሉ ይፈልጋሉ። ረቂቁ በደንብ የተጻፈ ነው፤ የሥነ ምግባር ኮሚቴም አጽድቆታል። አንድ ልጅ እኩለ ሌሊት ላይ ከባድ ነገር ቢሞላ ማን ያየዋል ብዬ ጻፍኩላቸው። «ሲስተሙ ወዲያውኑ ማስጠንቀቂያ ይልካል» የሚል መልስ መጣ። ለማን እንደሚልክ መልሼ ጠየቅኩ። ርእሰ መምህሩም የዚያ ሰው ስምና የሥራ ሰዓት ረቂቁ ላይ ሳይገባ አልፈርምም ብለው መልሰውላቸዋል።